በረንዳው ላይ የታሰረው ታብሌት

ሳቢያን ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ከቤቱ ሁሉ ትልቁ ነው። ከብረት በሩ እንደገባችሁ በስተግራ ያለው፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ ያለው፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ የተሰቀለበት ክፍል። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ማራገቢያ ያለው ክፍል ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። ለማያውቅ ላስረዳ። ከእኩለ ቀን በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሰው ባለበት ጋደም ይላል፤ አየሩ ራሱ ማራገቢያ በሌለበት ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ የሚያቆም ይመስላል። እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ከዚያ ማራገቢያ ሥር ስጋደም፣ የቤቱ ባለቤት የሚተኙት ከኩሽናው አጠገብ፣ ድሮ ዕቃ ቤት በነበረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር።

ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። የነገሩኝም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ያላወቅሁት፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩን ነው።

የቤቱን ባለቤት ሁላችንም ኤዶ እንላቸዋለን። በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ በሰፈሩ ግን ዘመድ ሆነም አልሆነም፣ ሶማሊኛ ቻለም አልቻለም፣ በዚያ ዕድሜ ያለችን ሴት ሁሉም እንዲህ ይጠራል። ለረጅም ዓመታት ታይዋን በሚባለው የከተማው ገበያ ውስጥ ልብስ ሲሸጡ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሱቁን ትተው ቤት ቀርተዋል። ባላቸው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ጅቡቲ አግብታ፣ ወልዳ፣ ሥራ ይዛ እዚያው ትኖራለች።

እኔ ያደግሁት ትልቅ ሰው «እርስዎ» በሚባልበት ቤት ነው። ኤዶንም መጀመሪያ ቀን እንደዚያ ብዬ ሰላም ስላቸው ዘወር ብለው ከኋላቸው ተመለከቱ።

«ሌላ ሰው አብሮኝ ቆሟል እንዴ?» አሉኝ።

እዚህ ከተማ «አንቺ» ማለት መናቅ ሳይሆን መቅረብ ነው። አንደበቴ እስኪለምደው ጊዜ ፈጀብኝ፤ ለምዶም በኋላ «አንቺ» እያልኳቸው ኖርን። ስጽፍ ግን ወደ አስተዳደጌ እመለሳለሁ፤ ቢያነቡት እንደሚስቁብኝ እያወቅሁ። እሳቸው እኔን የሚጠሩኝ «መዓሊማ» ብለው ነው። መምህርት ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ ታብሌቱ ልምጣ።

ታብሌቱን የላከችላቸው ልጃቸው ናት፤ ፊት ለፊት እየተያዩ ለመነጋገር። እኔ ቤቱ ስገባ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ታብሌቱ ይሠራል፤ ሲነቀል ወዲያው ድርግም ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባትሪ ኃይል የማጠራቀም አቅሙ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል። ሁልጊዜ ሞልቶ ቻርጀር ላይ ሲውል ደግሞ ቶሎ ያረጃል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። የኤዶ ታብሌት ሁለቱንም ችሎ የኖረ ነው።

ከኪራይ ክፍሎቹ ውጭ ሶኬት ያለው በረንዳው ላይ ብቻ ነበር። የቻርጀሩ ገመድም አጭር ነው። ስለዚህ ታብሌቱ ከግድግዳው ሥር፣ አንዲት በርጩማ ላይ፣ በባዶ የዘይት ጀሪካን ተደግፎ ይቆማል። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጃቸው ትደውላለች። ኤዶ ምንጣፍ አስነጥፈው፣ በቴርሞስ ሻይ በወተት አስቀርበው ይጠብቃሉ። ጆሯቸው ትንሽ ስለደከመ ድምፁ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። እንዲህ ያለ ጥሪ የአንድ ሰው ጥሪ ሊሆን አይችልም። ጎረቤት ሴቶች ይመጣሉ። እኔ ደብተር እያረምሁ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሌላኛውን ክፍል የተከራየው ባለባጃጅ ባጃጁን ጥላ ውስጥ አቁሞ፣ ጫቱን ይዞ ጥግ ላይ ጋደም ይላል። ከውጭ የሚገባ ሁሉ ገመዱን እንዳይጠልፍ እግሩን ከፍ አድርጎ ይሻገርና ታብሌቱን ሰላም ይላል። አንድ ሰው ገመዱን ከጠለፈ ልጅቷ ትጠፋለች፤ ሁሉም በጠላፊው ላይ ይጮህበታል፤ ገመዱ ይሰካል፤ እስክትመለስ ይጠበቃል።

ልጃቸው ሁላችንንም በዚህ መንገድ ነው ያወቀችን። አማርኛዋ እንደ ድሬ ልጅ ጥርት ያለ ነው። ባለባጃጁን ባየችው ቁጥር ለምን እንደማያገባ ትጠይቀዋለች።

«መኪና ስገዛ» ይላታል።

«ታዲያ አንድ ጎማ ነው እኮ የቀረህ» ትለዋለች፤ በረንዳው ይስቃል።

በየጥሪው መጨረሻ ላይ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የእኔ ሶማሊኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ ያንን ጥያቄ ግን በዜማው ለይቼዋለሁ። ነይ። ጓዝሽን ጠቅልለሽ እኔ ጋ ነይ። ኤዶ በቃል አይመልሱም። ታብሌቱን ጀሪካኑ ላይ ትንሽ ዘወር ያደርጉና የተቀመጥነውን ሁሉ ያሳዩዋታል፤ ሴቶቹን፣ ሻዩን፣ የእኔን ደብተሮች፣ የባለባጃጁን የተዘረጋ እግር። ከዚያ ወደ ራሳቸው ይመልሱትና ቅንድባቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው። ይቺ ሴት ብቻዋን ትመስልሻለች?

ኤዶ ከዚህ ቤት መውጣት አይፈልጉም ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚፈልጉት ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው፣ ጅቡቲ ባሕር እንዳለ፣ ልጃቸውም የልጅ ልጆቻቸውም እንዳሉ፣ ግን ደጅ ብቅ ሲሉ የሚያውቃቸው ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። እዚህ ከደጅ እስከ ሱቁ ለመድረስ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። እግራቸው ስለሚያማቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚቆሙት ለሰላምታው ነው።

የታብሌቱ መስታወት ከጠርዙ ተነስቶ ያየሁት የሙቀቱ ወራት ሲጀምር ነው። ጎንበስ ብዬ በጎን ስመለከተው ጀርባው እንደ ትራስ ተነፍቷል። ደነገጥሁ። የተነፋ ባትሪ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ውስጡ ጋዝ ተፈጥሯል ማለት ነው። ቢወጋ ወይም ከመጠን በላይ ቢሞቅ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ሁሉ ቀንና ሌሊት ሶኬት ላይ፣ ምንጣፍ አጠገብ፣ በድሬዳዋ ሙቀት። ኤዶን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ይሠራል አይደል?» አሉ። «ተይው።»

አልተውሁትም። ስለ ጋዙም፣ ስለ ሙቀቱም፣ ስለ ገመዱም በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። ባትሪው እንዴት እንደተነፋ በእጄ ቅርጽ ሠርቼ ሳሳያቸው ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ።

«እኔም ተነፍቻለሁ። እኔንም ከፍተሽ ልታዪ ነው?»

ባለባጃጁ ጥግ ላይ ሆኖ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ማስረዳቴን አላቆምሁም። በመጨረሻ ቤቱን ሊያቃጥል እንደሚችል ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ግድግዳውን አዩ። ባላቸው በገዛ እጃቸው የገነቡት ቤት ነው።

«ሀዬ፣ ቀይሪው እሺ» አሉኝ። «ግን እዚያው ቦታዋ ላይ ትመለስ። ሰምተሻል? በርጩማው ላይ።»

ሰምቻለሁ አልኳቸው። የአሮጊት ልማድ ነው ብዬ አለፍሁት። ዛሬ ያንን ቀን ሳስታውስ ከነገሩ ሁሉ ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። በጆሮዬ ሰምቼው፣ ራሴን ነቅንቄ፣ አለፍሁት።

ባትሪውን ታይዋን ሄጄ ገዛሁ። ሻጩ ልጅ የታብሌቱን ጀርባ አይቶ፣ ከመደርደሪያው ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ ፈልጎ አወጣልኝ፤ እዚያው ሊገጥምልኝም ተነሳ። እምቢ አልሁ። ቤት ውስጥ፣ ሰው እያየ ልቀይረው ፈልጌ ነበር። ተማሪዎቼ ስለ እኔ አንድ ነገር ቢያወሩ፣ መምህራችን የሠራችውን ሁሉ ለምን እንደሠራችው ትነግረናለች ይላሉ። እንደ ምስጋና ነበር የማየው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በረንዳው ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፍሁ። ነጭ የሆነው የወደቀ ብሎን እንዲታይ ነው። አንድ ወረቀት ላይ የታብሌቱን ቅርጽ ስዬ፣ እያንዳንዱን ብሎን ስፈታ በወጣበት ቦታ ላይ አስቀምጣለሁ፤ የብሎኖቹ ቁመት ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ የውስጡን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሊበሳው ይችላል። ኤዶ ትራስ ላይ ተደግፈው ያያሉ። ባለባጃጁ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ቁጢጥ ብሎ ያያል።

«ቲቸር፣ በሽተኛ ነው ወይስ ሬሳ?»

«ዝም በልና አሸዋውን አምጣልኝ።»

አሸዋውን ከደረቁ ወንዝ በቆርቆሮ ሞልቶ አምጥቶልኝ ነበር። የተነፋ ባትሪ ከወጣ በኋላ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ከቤት ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። መስታወቱን የያዘው ማጣበቂያ እንዲለሰልስ ጠርዙን በጥቂቱ ማሞቅ ያስፈልጋል። ባለባጃጁ ፀሐይ ላይ እናስጣው፣ ድሬ እያለን ማሞቂያ ምን ያደርጋል አለ። ባትሪው ራሱ እንዳይሞቅ ስለፈለግሁ አልተስማማሁም፤ ከጎረቤት በተዋስሁት የፀጉር ማድረቂያ ጠርዙን ብቻ ቀስ እያልሁ አሞቅሁና የቆየ የፕላስቲክ ካርድ አስገብቼ ከፈትሁት።

የባትሪውን መሰኪያ ከሰሌዳው ለማላቀቅ ብረት ያልሆነ ቀጭን ነገር ፈለግሁ። ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ብልጭታ ይፈጥራል። ዙሪያዬን ስመለከት ኤዶ ከአፋቸው መፋቂያቸውን አወጡ፤ ጫፉን በቢላ ቆርጠው፣ በቀሚሳቸው ጠርገው ሰጡኝ። በዚያ ተነቀለ። ባትሪው ከሥሩ ተጣብቆ ስለነበር የስፌት ክር በሁለት እጄ ይዤ ከሥሩ እየሳብሁ ቀስ በቀስ አላቀቅሁት። ሲወጣ ለስላሳና ያበጠ ነበር፤ በካርዱ ተቀብዬ አሸዋው ውስጥ አስገባሁት። ኤዶ የሚያዩት ቆርቆሮውን ነበር።

«ይህን ያህል ጊዜ ከእሱ ጋር ነው ሻይ የምንጠጣው?» አሉ።

ደስ አለኝ። ገባቸው ማለት ነው አልሁ በልቤ። ገብቷቸውም ነበር። የአደጋውን ነገር ከእኔ እኩል ገብቷቸዋል፤ ሌላውን ደግሞ ከእኔ በፊት።

አዲሱን ገጥሜ፣ ብሎኖቹን በየቦታቸው መልሼ፣ ቻርጀሩን ሰክቼ ጠበቅን። መስታወቱ በራ። ኤዶ ወዲያው ተነሥተው ታብሌቱን በርጩማው ላይ፣ ከጀሪካኑ ጋር አደላደሉት፤ ገመዱንም አስተካከሉ። ሥራው አለቀ ማለታቸው ነበር።

ለእኔ ግን አላለቀም። ከሰዓት በኋላ ሲሞላ፣ ሰው ሁሉ ለዐስሩ ሻይ ሲሰበሰብ፣ ሄጄ ገመዱን ነቀልሁት። አንዷ ጎረቤት ከልማዷ «ጠፋ!» አለች። አልጠፋም። ከፍ አድርጌ ያዝሁት፤ እንደ ዋንጫ። በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ከእንግዲህ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ መዋል እንደሌለበት፣ ሲሞላ መነቀል እንዳለበት፣ አዲሱ ባትሪም እንደ አሮጌው እንዳይሆን ማድረግ ያለብንን ማስረዳት ጀመርሁ። ኤዶ ቴርሞሱን ሊሞሉ ወደ ኩሽና ገብተው ነበር። ጥሪው የመጣው ያኔ ነው። ታብሌቱም እጄ ላይ ነበር።

ልጃቸው እኔን ከቅርብ፣ በረንዳውን ከሌላ አቅጣጫ ስታይ ግራ ገባት። ነገሩን ስነግራት እንደ ሕፃን ደስ አላት። በጣም አመሰገነችኝ። ከዚያ እንግዲያው ቤቱን አሳዪኝ አለችኝ፤ ከአባቷ ቀብር ወዲህ ግቢውን አላየችውም፣ በረንዳውን ብቻ ነው የምታውቀው። ከዚህ የበለጠ ምን ልመኝ? ካሜራውን ወደ ፊት አዙሬ መሄድ ጀመርሁ። መጀመሪያ አባቷ የተከለውን የኒም ዛፍ አሳየኋት፤ እንዴት እንዳደገ ስታይ ድምፅዋ ተሰበረ። የውሃውን በርሜል፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ ተረግጦ የተሰነጠቀውን ደረጃ አየች። ከዚያ የአባቷን አልጋ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

የአባቷ አልጋ የእኔ ክፍል ውስጥ ነው። የምተኛበት አልጋ ነው። ጠዋት ስለጸዳ፣ መጻሕፍቴም በቁመታቸው ስለተደረደሩ፣ እንዲያውም በኩራት ገባሁ። ማራገቢያው ይሽከረከር ነበር። ከታብሌቱ ድምፅ ጠፋ። የመስመር ችግር መስሎኝ «ይሰማል?» አልኋት።

«የማን መጻሕፍት ናቸው?»

«የእኔ።»

«እዚያ ክፍል አንቺ ነሽ የምትኖሪው?»

«አዎ።»

«እናቴስ የት ነው የምትተኛው?»

እኔ ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ ይሰጣል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ቤቱን ዞሬ፣ ከግድግዳዬ ጀርባ ያለውን የኋለኛውን ክፍል በር ገፍቼ አሳየኋት። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ መሬት ላይ ፍራሽ፣ ከፍራሹ ራስጌ የከሰል ጆንያ፣ የታጠፈ የመስገጃ ምንጣፍ፣ አንድ አምፖል። እንደ ልማዴ፣ ክፍሉ ጥላ ስለሚያርፍበት እንደ ሌሎቹ እንደማይሞቅ አስረዳኋት። አዎ፣ ይህንንም አስረዳሁ።

ዘወር ስል ኤዶ ቴርሞሱን ይዘው ኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። ቴርሞሱን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ታብሌቱን ከእጄ ወስደው፣ ግቢውን ቀስ ብለው ተሻግረው በርጩማው ላይ አስቀመጡት። ገመዱንም ሰኩት። ልጅቷ ስታለቅስ ሁላችንም ሰማን። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከጥሪው በኋላ ባለባጃጁ ነው ያስረዳኝ። እሱ ሶማሊኛ ይሰማል። ልጅቷ በየቀኑ እናቷን ማራገቢያው ይሠራል ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ ኤዶም ይሠራል ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ከአልጋዬ በላይ ይሠራ ነበር። አልጋው ተመችቶሻል ስትላቸው፣ የአባትሽ አልጋ ምን ሆኖ ይሏታል።

«አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነው» አለኝ። «ወላሂ፣ ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር።»

እኔ ብቻ ነበርሁ የማላውቀው፤ ከሁሉም በላይ በማስረዳት የምታወቀው።

በነጋታው ኤዶ ጋ ሄጄ ክፍሉን እንደምለቅ፣ ወደ ኋለኛው እኔ እንደምገባ ነገርኋቸው። ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው ቁርአናቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። ለምን እንዳከራዩኝ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው የምትልክላቸው ገንዘብ የሚበቃቸው መሆኑን አውቃለሁ።

«ባለቤቴ ሲሞት ያቺ ክፍል ዝም አለች» አሉኝ። «ማታ ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያስል መስማት ፈለግሁ። ይኸው ነው። አንቺ ደግሞ ተኝተሽም ታወሪያለሽ።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እጃቸውን አነሡ።

«ምን አጠፋሽ? ተጠየቅሽ፣ መለስሽ። ይልቅ ያንን ክፍል አይሞቅም ማለትሽ ነው የገረመኝ። ተኝተሽበት ታውቂያለሽ?»

ተኝቼበት አላውቅም ነበር።

ለልጃቸውም ደውዬ ክፍሉን እንደምለቅ ነገርኋት። በትሕትና አዳመጠችኝ። አንቺ ብትወጪ እሷ በወሩ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች፣ እናቴን አውቃታለሁ አለችኝ። እውነቷን ነው። ለእሷ ጉዳዩ ክፍሉ አልነበረም። ልጅ እያላት እናቷ ከከሰል ጋር ትተኛለች የሚለው ነገር እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ለዘመድ ምን ትበል? ለራሷስ ምን ትበል? በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር፤ ይህን ማወቄ ደግሞ ጸጸቴን አያቀልልኝም፤ የምቆጣበት ሰው ብቻ ያሳጣኛል።

ትምህርት ቤት ሳይዘጋ በባቡር መጣች። ከእናቷ ጋር አንድ ዓይነት ቅንድብ አላት። የኋለኛውን ክፍል በር ከፍታ ገብታ ፍራሹ ላይ ብዙ ቆየች፤ ኤዶ ውጭ ኒሙ ሥር ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። ስትወጣ ወደ እኔ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«አንቺን አልቀየምም» አለችኝ። «አንቺ ባታሳዪኝ ዛሬም ማራገቢያው ይሠራል ነበር የምትለኝ።»

ምስጋና ነበር። እንደ ወቀሳ የከበደኝ ምስጋና ግን ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ኤዶ አልተከራከሩም። ለመከራከሪያ የነበራቸው በረንዳው ብቻ ነበር፤ በረንዳውም ከእንግዲህ አያሳምንም። የሄዱ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ላይ ወጣ። ከበሩ እስከ ባጃጁ ያለችው አጭር መንገድ በሰላምታ ብዛት አላልቅ አለች፤ ባለባጃጁም ባቡሩ ያመልጣል ብሎ አላጣደፋቸውም። እንዲያውም ሞተሩን አጥፍቶ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ጠሩኝ።

«መዓሊማ፣ የኋለኛዋን ክፍል ባዶ አታድርጊያት። ሰው አስገቢባት። ልጅ ያለው ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሌሊት የሚያለቅስ።»

እሺ አልሁ። ታብሌቱ እጃቸው ላይ ነበር፤ ገመዱ ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል።

አሁን በኋለኛው ክፍል ከቢዮ አዋሌ የመጡ ባልና ሚስት ከሕፃን ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከሰሉን አስወጥተን ግድግዳውን ኖራ ቀባነው፤ ሶኬትም አስገባንበት። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማዋለሁ። የአሸዋው ቆርቆሮ አሁንም ከግቢው ጥግ አለ፤ የት እንደሚጣል የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ከዐስር በኋላ ግን በረንዳው ላይ የሚሰበሰብ የለም። ጎረቤቶቹ እኔን ስለጠሉኝ አይደለም። መንገድ ላይ እንሳሳቃለን፤ ምግብም ይልኩልኛል። የሚሰበሰቡበት ነገር ስለሌለ ብቻ ነው። ባለባጃጁ ብቻውን ጥግ ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ያያል። አንዳንዴ በሩን አልፎ ሲገባ፣ የሌለውን ገመድ ለመሻገር እግሩን ከፍ ሲያደርግ አየዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኤዶ ደወሉልኝ። በስልኬ ላይ ፊታቸው መጣ፤ ትንሽ ቀላ ብለዋል፤ ክፍላቸው ቀዝቃዛ መሆኑን፣ ግድግዳው ላይ የሚነፍስ ማሽን መኖሩን፣ በዚያ ሙቀት አገር ጋቢ ለብሰው እንደሚተኙ ነገሩኝ። ልጃቸው ሥራ ናት፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ስለ ሕፃኑ ጠየቁኝ፤ ያለቅሳል ወይ አሉ፤ ያለቅሳል ስላቸው ተደሰቱ። ባለባጃጁ አራተኛውን ጎማ ገዛ ወይ አሉ።

ባሕሩ ከመስኮታቸው እንደሚታይ ልጃቸው ነግራኝ ስለነበር እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። አልተነሡም። ታብሌቱን ትንሽ ዘወር ሲያደርጉት ገመዱን አየሁ፤ ከታብሌቱ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ካለ ሶኬት ገብቷል። አጠገባቸው በርጩማ ነበር። ከበርጩማው ላይ አንስተውት ነበር የሚያናግሩኝ፤ መልሰው አስቀመጡት።

ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። አዲሱ ባትሪ ደህና ነው፤ መሰካት አያስፈልገውም፤ ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ሲውል ይጎዳል፤ ይንቀሉትና ባሕሩን ያሳዩኝ። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል አውቀዋለሁ።

«ምን ልትዪ ነው?» አሉኝ፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው።

«ምንም» አልኋቸው። ስልኬን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁና ባለባጃጁን ጠራሁት። በኋለኛው ክፍል የምትኖረውንም እናት ሕፃኑን ይዛ እንድትመጣ ነገርኋት። ስልኩን ጀሪካኑ ላይ አስደግፈን፣ ተራ በተራ ሰላም አልናቸው።